የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት ለመቀነስ የመንደርን ድህነት በኅብረት መዋጋት ያስፈልጋል

«ማታ ጡት ጠብቶ ደህና ተኝቶ ነበር፤ ጠዋት ሲያዩት ሞቶ ተገኘ።» ይህ አነጋገር በገጠሩ የአገራችን ክፍል ለማንም እንግዳ አይደለም። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው እናቲቱ በእንቅልፍ ልቧ ተጭናው ይሆናል ብሎ ያንሾካሹካል፤ ሽማግሌው የፈጣሪ ሥራ ነው ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ሕፃኑ ክርስትና ያልተነሣ እንደሆነ ደግሞ በብዙ አካባቢ ለቅሶው ከቤተሰቡ አያልፍም። እድር አይጠራም፤ በቀበሌው መዝገብም ስሙ አይሰፍርም። በሦስተኛው ቀን አባት ወደ እርሻው፣ እናት ወደ ጉልቻዋ ይመለሳሉ።

ይሁንና ድንገተኛ የሚባለው ሞት ሁሉ በእርግጥ ድንገተኛ አይደለም። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት እናቱ የተሸከመችው ሸክም፣ የበላችው ወይም ያልበላችው እህል፣ የቤቱ ጭስ፣ የመኝታው ጥበት፣ ከጤና ኬላ ያለው ርቀትና መንገዱ ተደምረው ለሞቱ መንገድ ሲጠርጉ ይከርማሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በአንዲት እናት አቅም የሚወገዱ አይደሉም፤ የመንደሩ ናቸው። በመሆኑም ጉዳዩ የጤና ባለሙያው ብቻ ሳይሆን የገበሬዎች ማኅበራት መሪዎች ጉዳይ ጭምር ነው።

ድንገተኛ ሞት ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን ዓይነቱን ሞት ለብዙ ጊዜ በሰፊው ያጠኑት በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ የተሰበሰቡ የሕክምና ሊቃውንት ለሞቱ አንድ ትርጉም ሰጡት። ይኸውም ቀደም ሲል የሚያሰጋ ሕመም ያልታየበት ሕፃን በድንገት ሲሞትና ሬሳው በሚገባ ተመርምሮም ምክንያቱ ሳይገኝ ሲቀር ድንገተኛ የሕፃን ሞት ይባላል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች እንደታወቀው ይህ ሞት በብዛት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት፣ በተለይም ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ጊዜውም ሕፃኑ በተኛበት ሰዓት ነው። በደረቱ ተደፍቶ የሚተኛ ሕፃን በጀርባው ከሚተኛው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ የትንባሆ ጭስ፣ ፊትን የሚሸፍን ወይም ከመጠን በላይ የሚያሞቅ ልብስ፣ ያለጊዜው መወለድና ሲወለዱ ክብደት ማነስ አደጋውን ያባብሱታል። የእናት ጡት መጥባት ደግሞ ይቀንሰዋል።

የአንዳንዱ ሕፃን የአንጎል ክፍል፣ ትንፋሽን የሚቆጣጠረውና አየር ሲያጥር የሚቀሰቅሰው ክፍል፣ ገና በደንብ አልጠነከረም። አፍና አፍንጫው በልብስ ሲታፈን ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው ነቅቶ ፊቱን አያዞርም፤ ሳያለቅስ፣ ሳይንፈራገጥ ትንፋሹ ይቆማል። ቤተሰቡ ምንም ድምፅ አልሰማንም የሚለው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ምክሩ ለሁሉም ተሰጠ፤ ድሃው ግን ወደ ኋላ ቀረ

ይህ ከታወቀ በኋላ ኒውዚላንድና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ሰፊ የትምህርት ዘመቻ አካሄዱ። ውጤቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታየ። ከዘመቻው በኋላ ባሉት ዓመታት በእነዚህ አገሮች የዚህ ሞት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ። መድኃኒት አልተገዛም፤ መሣሪያ አልተተከለም፤ የተለወጠው የሕፃኑ አተኛኘት ብቻ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ውጤት ጋር አንድ አሳዛኝ ነገር አብሮ ታየ። በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማና በአካባቢዋ ለ20 ዓመታት በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት እንደተገለጸው፣ ከዘመቻው በፊት ልጅ ከሞተባቸው 100 ቤተሰቦች ውስጥ በኑሮ የተጎዱት 47 ያህል ነበሩ። ከዘመቻው በኋላ ግን ጠቅላላው ሞት በብዙ ቢቀንስም፣ ከሟቾቹ ቤተሰቦች መካከል የድሆቹ ድርሻ ከ100 ውስጥ ወደ 74 ከፍ አለ። ምክሩ ለሁሉም እኩል ተነገረ፤ መተግበር የቻለው ግን በመጠኑም ቢሆን ኑሮ የተቃናለት ነበር። በአንድ ጠባብ ክፍል ተፋፍጎ የሚኖር፣ ለሕፃኑ የተለየ መኝታ የሌለው፣ በጭንቀት ትንባሆ የሚያጨስ፣ ልጁም ያለጊዜው የሚወለድበት ቤተሰብ ምክሩን ሰምቶም አደጋው ከቤቱ አልወጣለትም። የድሃ ወላጅ ፍቅር ከሀብታም ወላጅ ፍቅር ስለሚያንስ አይደለም፤ መኖሪያውና ኑሮው ስለማይፈቅዱለት ነው።

ኒውዚላንዶች ከዚህ ተምረዋል። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪ ሕፃናት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቱ ነበር። ከወላጅ ጋር አንድ ላይ መተኛት የማኦሪዎች የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ልማዳችሁን ተዉ የሚለው ትምህርት ብዙም አልያዘም። በኋላ ግን ከአገሩ ቃጫ የሚሠራ፣ ሕፃኑ በወላጆቹ መኝታ ላይ ሳለ የራሱ የተከለለ ቦታ እንዲኖረው የሚያደርግ ቅርጫት የማኦሪ ሴቶች ራሳቸው እየሰፉ ለእናቶች ማደል ተጀመረ። በዚህ ዓይነት ልማዱ ሳይናቅ አደጋው ተለየ። ለእኛ ገጠር ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕዝብን ሰብስቦ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ምክሩን በሥራ ለማዋል የሚያስችለው ነገር አብሮ መቅረብ አለበት።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በአገራችን ገጠር አብዛኛው ሕፃን የሚሞተው በቤቱ ስለሆነ ሬሳው አይመረመርም። በዚህ ምክንያት ምክንያቱ የማይታወቀው እውነተኛ ድንገተኛ ሞት፣ የሳንባ ምች፣ የደም መመረዝ፣ ብርድና በእንቅልፍ መታፈን ሁሉ «በድንገት ሞተ» በሚል አንድ ቃል ተጠቃልለው ይቀበራሉ። ይህ ቃል ሊድኑ ይችሉ የነበሩትን ብዙ ሕፃናት ይሸፍናል።

በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 48 ወርዷል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከእነዚህ 48 ሕፃናት 29ኙ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው። ይህም ማለት በዓመት ውስጥ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና እናታቸው ከአራስ ቤት ሳትወጣ የሚሞቱት ናቸው። የዚህ ዕድሜ ዋነኞቹ ገዳዮች ሦስት ናቸው፤ ያለጊዜው መወለድና የክብደት ማነስ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ እንዲሁም በእትብትና በሌላ በኩል የሚገባ ልክፈት።

የሕፃናትን ሞት መቁጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም የቡታጅራ አካባቢ ተሞክሮ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ9 የገጠር ገበሬዎች ማኅበራትና በ1 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የሚወለደውንና የሚሞተውን ሁሉ በተከታታይ መመዝገብ ጀመረ። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የሟቹን ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ምልክት በዝርዝር ይጠይቁ ነበር። በዚህም መሠረት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሞት ግንባር ቀደም ምክንያቶች የመተንፈሻ አካል ሕመምና ተቅማጥ መሆናቸው ታወቀ። «በድንገት» የተባለው ሞት ተጠይቆ ሲመረመር ስም ተገኘለት። ስም የተገኘለት በሽታ ደግሞ መከላከያ ሊፈለግለት ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከእርግዝና ነው

ሕፃን ሲወለድ ክብደቱ ያነሰ ከሆነ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ለሞት የቀረበ ነው። ሙቀት መያዝ ይከብደዋል፤ ለመጥባት አቅም ያንሰዋል፤ በሽታ ቶሎ ያሸንፈዋል። የክብደት ማነስ ደግሞ ከብዙ ምክንያቶች ጋር በእናቲቱ ረሃብ፣ በወባና በከባድ ሥራ የሚመጣ ነው። ጎተራ በሚጎድልበት በክረምት ወር የምታረግዝ ሴት ለሁለት ነፍስ ቀርቶ ለአንድ የሚበቃ አታገኝም። ውኃ ከሩቅ ምንጭ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ መፍጨት፣ አረም ማረም በእርግዝናዋ ላይ ይደራረባል። የቀደመው ልጅ 2 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የተረገዘ እንደሆነም የእናቲቱ ሰውነት ሳያገግም ስለሚቀጥል የሁለተኛው ሕፃን አደጋ ይጨምራል።

በዚህ ረገድ የማኅበር መሪ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል አይደለም። በበጋ ወራት ሕዝቡ ለእርከንና ለተፋሰስ ሥራ ሲወጣ የእርጉዝ ሴት ስም ከሥራ ዝርዝሩ ላይ መውጣቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት 4ኛ ምዕራፍ እርጉዝና የሚያጠቡ እናቶች የጉልበት ሥራ ሳይሠሩ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ ደንግጓል። እንዲህ ያለው ደንብ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ ግን እናቲቱን ከድንጋይ ሸክም አያሳርፋትም። ስሟ በወቅቱ ካልተላለፈ እስክትወልድ ድንጋይ ስትሸከም ትቆያለች። ድሃዋ ሴት ደግሞ ራሽኗ እንዳይቋረጥባት ፈርታ እርግዝናዋን ደብቃ እንደምትሠራ መሪው መገንዘብ ይገባዋል።

ወሊድና መንገድ

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ጥናት ከከተማ እናቶች ከ100 ወሊዶች 79ኙ በጤና ድርጅት የተፈጸሙ ሲሆኑ፣ በገጠር ግን 20 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ወሊዶች 48ቱ በጤና ድርጅት እንደተፈጸሙ ታውቋል። መሻሻሉ ከፍ ያለ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ ሕፃን አሁንም በጭለማ ጎጆ፣ በኩራዝ ብርሃን የተወለደ ነበር ማለት ነው።

ሲወለድ ያላለቀሰ ሕፃን የሚተርፈው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሠለጠነ እጅ ከታገዘ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሰው ልኮ ባለሙያ ማስመጣት አይቻልም። ስለዚህ ከመንገድ የሁለትና የሦስት ሰዓት ጉዞ ርቃ ያለች መንደር ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባትም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የተሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች ለዚሁ የታሰቡ ናቸው። እናቲቱ ወሯ ሲገባ እዚያ ሄዳ ትቆያለች። የአካባቢው ሕዝብ እህል፣ ቅቤና ማገዶ አዋጥቶ ገንፎው በዚያው የሚገነፋባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ማኅበሩ እህል ባላዋጣበት ቦታ ግን ቤቱ ባዶውን ይቆማል፤ ምክንያቱም ድሃዋ እናት ስንቅ ይዛ መምጣት አትችልም፤ ቤት የቀሩትን ልጆችም የሚያበላላት የለም።

እትብትን በአዲስ ምላጭ መቁረጥ፣ በንጹሕ ክር ማሰርና አዛባ፣ አመድ ወይም ቅቤ አለማድረግ ብዙ ሕፃናትን አትርፏል። የእናቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተስፋፍቶ፣ ኢትዮጵያ የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ እንዳስወገደች እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ቀድሞ «በሰባተኛው ቀን የሚወስድ» እየተባለ ይፈራ የነበረው በሽታ በክትባትና በንጹሕ ምላጭ መሸነፉ ሌላውም ሊሸነፍ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

ቤቱ፣ ጭሱና ብርዱ

መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ምድጃውና መኝታው ጎን ለጎን ናቸው። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ታዝሏል ወይም መደቡ ላይ ተኝቷል። የእንጨቱና የኩበቱ ጭስ የሚገባው እሱ ደረት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው የቤት ውስጥ ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች አደጋ ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። በከተማ ትንባሆ የሚያደርገውን በገጠር ጉልቻው ያደርገዋል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ምድጃውን ከመኝታው በግድግዳ መለየት ወይም ለማብሰያ አነስተኛ ጎጆ መቀለስ፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ ምርጥ ምድጃ መጠቀም ይቻላል። አንድ ገበሬ ለብቻው የማብሰያ ጎጆ ለመቀለስ ሳምንት ይፈጅበታል፤ በደቦ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም ጉልበት የሌላት እናት ደቦ ለመጥራት የምታቀርበው ጠላና እንጀራ ስለሌላት ብቻ ጭስ ውስጥ እንደማትቀር ማረጋገጥ የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

ብርድም እንደ ጭሱ ገዳይ ነው። በደጋ አካባቢ አዲስ የተወለደን ሕፃን ወዲያው ማጠብ ሙቀቱን ይነጥቀዋል። ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ኮፍያ ማድረግና ከእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ለክብደተ ቀላል ሕፃናት ይህ ገላ ለገላ የማቀፍ ዘዴ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ መሣሪያ ባነሰበት ሆስፒታል ተጀምሮ በዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጥናት ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ሕፃኑን እስኪጠነክር ሌትና ቀን በደረት አቅፎ መቆየት ግን ጊዜ ይጠይቃል። እናቲቱ ይህን ማድረግ የምትችለው ውኃዋን የሚቀዳላት፣ እንጨቷን የሚለቅምላት ጎረቤት ካላት ነው።

የሕፃኑ አተኛኘት

በገጠር እናትና ሕፃን አንድ ላይ መተኛታቸው የተለመደ ነው። ሌሊት ለማጥባትም ይመቻል። ስለዚህ ሕፃኑን ለይታችሁ አስተኙ ማለት በአንድ መደብ ላይ ስድስት ሰው ለሚያድርበት ቤት ትርጉም የለውም። የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ማድረግ ግን የትኛውም ቤት ይችላል።

1ኛ፦ ሕፃኑ ዘወትር በጀርባው ይተኛ፤ በደረቱም በጎኑም አይሁን።

2ኛ፦ ጋቢው ወይም ቡሉኮው ከደረቱ አይለፍ። ፊቱን ለዓይነ ሰብና ለብርድ ተብሎ መሸፈን ትንፋሹን ያሳጥርበታል።

3ኛ፦ በእናቱ ጎን ከዳር በኩል፣ ከመደቡ እንዳይወድቅ ተደርጎ ይተኛ። በሁለት ሰዎች መካከል ወይም ከታላላቅ ልጆች ጋር አይተኛ።

4ኛ፦ ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር አንድ መደብ ላይ አይተኛ። በበዓል ሰሞን ይህ በተለይ ይታሰብ።

5ኛ፦ ሕፃኑ የሚተኛበት ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ይሁን፤ የተከመረ ልብስና ትራስ ፊቱ አጠገብ አይኑር።

ሰፌድና ሌማት የምትሰፋ፣ ቅርጫት የሚጎነጉን ሰው የሌለበት የአገራችን መንደር ጥቂት ነው። የኒውዚላንድ እናቶች በቃጫ የሠሩትን የመሰለ ጠፍጣፋ፣ አየር የሚያስገባና ጠርዝ ያለው የሕፃን መኝታ ለመሥራት እጁም ዕቃውም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሮ መሞከር ይቻላል።

ጡትና ጎጂ ልማዶች

በ2008ቱ ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ 100 ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 ነበሩ። ለአራስ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውኃ ወይም የስኳር ውኃ መስጠትና ቢጫውን እንገር ማፍሰስ ተቅማጥንና ልክፈትን ይጋብዛሉ፤ ሕፃኑንም ከመጀመሪያው መከላከያው ይለዩታል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትም ደም በማፍሰስና በቆሸሸ መሣሪያ በሽታ በማስገባት ሕፃን ይገድላሉ። ደህና የነበረው ልጅ «በድንገት» ሞተ ሲባል ከጥቂት ቀናት በፊት ምን እንደተደረገበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላው የክትባት ወሬ ነው። ሕፃን በ45 ቀኑ ይከተባል፤ ድንገተኛ ሞት የሚበዛበት ዕድሜም በዚያው ሰሞን ይጀምራል። ሁለቱ በአጋጣሚ ሲገጥሙ «መርፌው ገደለው» የሚል ወሬ ይነሣል። ሆኖም በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የተከተቡ ሕፃናት ለዚህ ሞት ይበልጥ እንደማይጋለጡ አረጋግጠዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት ደግሞ ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱን የሚከላከል ነው። ስለዚህ መሪዎች ወሬውን በስብሰባ ላይ በግልጽ ማስተባበል አለባቸው።

የአደጋ ምልክቶችና ርቀት

ጡት መጥባት ያቆመ፣ ሰውነቱ የዛለ ወይም የሚንዘፈዘፍ፣ ትኩሳት ያለበት ወይም የቀዘቀዘ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ እትብቱ የቀላ ወይም መግል የያዘ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ መወሰድ አለበት። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የአደጋ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በገጠር ቀበሌዎች የተመደቡት ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በመድኃኒት እንዲያክሙ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሠልጥነዋል። የአራስ ሕፃናትን ልክፈትም ወደ ሆስፒታል መሄድ ለማይችሉት እንዲያክሙ በኋላ ተፈቅዶላቸዋል።

ችግሩ ያለው መድኃኒቱ ባለበት ኬላና ሕፃኑ ባለበት ጎጥ መካከል ነው። አራስ ከቤት አትወጣም የሚለው ልማድ፣ የባል ገበያ መዋል፣ የወንዝ መሙላት፣ የገንዘብ ማጣት ተደማምረው አንድ ቀን ያስረፍዳሉ። ለአራስ ሕፃን አንድ ቀን ረጅም ነው።

ከማኅበራት መሪዎች ምን ይጠበቃል?

በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁሉም ጎጥ እኩል አይደለም። ከኬላውና ከመንገዱ አጠገብ ያለው ይጎበኛል፤ ከገደሉ ሥር ወይም ከወንዙ ማዶ ያለው፣ መሬቱ የሳሳና ቤቶቹ የተጎሳቆሉ ጎጥ ይረሳል። ሕፃን በብዛት እየሞተ ያለው የት ነው ቢባል አብዛኛው መሪ በእርግጠኝነት መመለስ አይችልም፤ ሞቱ አልተመዘገበምና። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ውሏል። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ ቀን ኖሮ የሞተ ሕፃንም ልደቱም ሞቱም ይመዘገባል። መሪው በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ገልጦ ከየትኛው ጎጥ ስንት ሕፃን እንደሞተ ቢመለከት የቀጣዩ ዓመት ደቦ፣ የምንጭ ጥርጊያና የመንገድ ሥራ ወዴት መሄድ እንዳለበት መዝገቡ ራሱ ይነግረዋል።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉት ተግባራት ከማኅበራት አቅም በላይ አይደሉም፦

– በየጎጡ ያሉትን እርጉዞችና አራሶች በዝርዝር ማወቅ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በየወሩ መመካከርና ሩቅ የሆነውን ጎጥ አስቀድማ እንድትጎበኝ በቅሎ ወይም አብሮ የሚሄድ ሰው መመደብ፤

– በየጎጡ የወጣቶች የቃሬዛ ቡድን ማቋቋምና አምቡላንስ የሚደርስበትን ቦታ ድረስ የእግር መንገዱን መጥረግ፤

– በመኸር ወቅት ለእናቶች ማቆያ ቤት የሚሆን እህል ማዋጣትና በክረምት ችግር ላይ ለሚወድቁ አራሶች ከእድር ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር ማበደር፤

– እርጉዝና አራስ ያሉባቸውን ደካማ ቤተሰቦች የማብሰያ ጎጆና ምርጥ ምድጃ በደቦ መሥራት፤

– አራስ እስክትጠነክር ውኃና እንጨት በተራ የሚያመጣላት ጎረቤት መመደብ፤

– ለድሃ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮ እንዲሸፈንላቸው ስማቸውን ሳያዛቡ ማቅረብ፤

– ልጅ የሞተባትን እናት ከሐሜት መጠበቅ።

የመጨረሻው ነጥብ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። ተጭናው ገደለችው ተብላ የታማች እናት ሁለተኛ ሕፃኗ ሲታመም ለማንም አትናገርም፤ ኬላም አትሄድም። ሐሜቱ ለቀጣዩ ሕፃን አደጋ ይሆናል። በአንጻሩ መሪው ራሱ ለቅሶ ቢደርስ፣ ሕፃኑን ቢያስመዘግብና ምን ዓይነት ምልክት እንደነበረው በርኅራኄ ቢጠይቅ፣ ጎረቤቱም እንደ እሱ ማድረግ ይጀምራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዲት እናት ብቻዋን የማትችለውን ጭስ፣ ርቀት፣ ረሃብና ድካም መንደሩ ቢከፋፈለው ይቀላል። አሠርና ወፍ እንዳያበላሸው አዝመራውን ተራ ገብቶ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ አርባ ቀን ያልሞላውን ልጁን ተራ ገብቶ ለመጠበቅ አያንስም። ሥራው የሚጀምረው የቀበሌውን ሩቅ ጎጥ በመጎብኘትና በዚያ ያሉትን እርጉዞች ስም በመጻፍ ነው።